ለአራት ጎማ የተላኩ ሽማግሌዎች

ደባርቅ ውስጥ ስለ ጎማ የማያውቅ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ለሻይ ወርዶ አውቶብስ ጥሎት የሄደ እንግዳ መሆን አለበት። የእኛ ከተማ ሰው ስለ ሦስት ነገር ሳይጠየቅ ያስተምራል፤ ስለ ብርድ፣ ስለ ሰው ትዳርና ስለ ጎማ። መኪና ያለን በጣት የምንቆጠር ነን፤ የጎማ ሊቅ ግን በየበረንዳው ተቀምጧል። እኔ ደግሞ የማንንም ምክር የማልንቅ ሰው ስለሆንሁ ሁሉንም ሰማሁ። የደረሰብኝ ነገር ሌላ ምክንያት የለውም።

መኪናዬ አሮጌ ሎንግቤዝ ናት፤ በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት፣ ዳገት የማትፈራ፣ ባለቤቷን ግን ብዙ ጊዜ ያሳፈረች። ቱሪስት ሲኖር ቱሪስት፣ ቱሪስት ሲጠፋ ስንዴ፣ ስንዴ ሲጠፋ ሰርገኛ እጭንባታለሁ። ከትዳሬ በዕድሜ ትበልጣለች። ባለቤቴ የሺ «በክብርም ትበልጠኛለች» ትላለች፤ እኔ ቀልድ ነው ብዬ እስቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለመኪናዬ የማልሆነው ነገር የለም። የደባርቅ ብርድ እንዳይጎዳት ሞተሯን ብርድ ልብስ አለብሳታለሁ፤ ጠዋት ከልጆቼ በፊት የማየው እሷን ነው። እንዲያውም አንድ ቀን የሺን ከዳባት ገበያ ላመጣ ሄጄ፣ ከነዘንቢሏ ልትገባ እግሯን ስታነሣ ሁለት ፈረንጆች ድንገት ኮንትራት ጠየቁኝ። «እዚያ ጥላው ጋ ቁሚ፣ መጣሁ» ብያት ሄድሁ። ጥላ እንዳልነበረ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን፣ ከፓርኩ ስመለስ ነው። ይህን ለሰው የምነግረው የሥራ ትጋቴን ለማሳየት ነበር።

በጎማ ረገድ የራሴ ፍልስፍና ነበረኝ። የጎማዎቼ ጥርስ ካለቀ ቆይቷል፤ መዳፍ ቢያሳርፉባቸው የሕፃን ጉንጭ ይመስላሉ። እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ «ለስላሳ ጎማ ነዳጅ ይቆጥባል» እያልሁ አስረዳ ነበር። ጭቃ ላይ መኪናዋ ወደ ፈለገችበት ስትሄድ፣ እኔም መሪዬን ይዤ አስቤበት የዞርሁ እመስላለሁ። የአንዱ ጎማ የውስጥ ክር በጎን በኩል ሲታይ እንኳ፣ ተሳፋሪውን በሌላው በር እንዲገባ ከማድረግ በቀር ያደረግሁት ነገር የለም።

ነገሩን ያመጣው የመሪጌታ ዓይን ነው። መሪጌታ የየሺ አባት ናቸው። ደረስጌ ላይ ለብዙ ዘመን ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የሚያስተምሩት በቃላቸው ነው። የመጨረሻዋን ልጃችንን የሚያውቋት በመዳሰስ ነው፤ የየሺንም ፊት ለይተው ካዩት ዓመታት አልፈዋል። ታከሙ ሲባሉ «ዓይኔ ያየውን አይቷል፤ ይበቃዋል» ሲሉ ቆይተው፣ ዘንድሮ በስንት ልመና እሺ አሉ። ጎንደር ቀጠሮ ተያዘላቸው፤ ሦስት ሳምንት ነበረን። ያ ቀን ካለፈ የሚቀጥለው መቼ እንደሚሆን የነገረን የለም። መሪጌታም ሁለተኛ እሺ እንደማይሉ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ነገር ልጨምር። መሪጌታ በመኪናዬ ተሳፍረው አያውቁም። ስንት ጊዜ ደረስጌ ድረስ ሄጄ «ልውሰድዎ» ስላቸው፣ በቅሏቸውን ነው የሚያስጭኑት። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ የእርጅና ፍርሃት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

የሺን ለትዳር ስጠይቅ ሽማግሌ የላክሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መቼም ወጉን ታውቁታላችሁ። የልጅቱ ወገን «እንምከርበት» ብሎ ይመልሳል፣ ሽማግሌ ደጅ ይጠናል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። የእኔ ሽማግሌዎች ግን ደረስጌ የደረሱት በእህል መኪና ነበር። መሪጌታ «ከቤተ ዘመድ ጋር እንምከርበት» ሊሉ ሲጀምሩ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ የነበረው አጎቴ «መሪጌታ፣ መኪናው ተመላሽ ነው፤ ሹፌሩ አይጠብቀንም» አላቸው። ሹፌሩም ከውጭ ክላክሱን አንባረቀው። መሪጌታ በዚያ ክላክስ መካከል ልጃቸውን ሰጡ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን በየሰርጉ አውርቼዋለሁ፤ «በአንድ ጉዞ ያገባሁ እኔ ነኝ» እያልሁ። ሰው ይስቃል። የሺ ስታቀረቅር ዓይን አፋር ስለሆነች ይመስለኝ ነበር።

እናም ቀጠሮው በተያዘ ማግሥት የሺ ወጥታ መኪናዋን ዞረቻት። እያንዳንዱን ጎማ ጎንበስ ብላ አየች። «አባቴን በእነዚህ ጎማዎች በቧሂት ተራራ አታወርዳቸውም» አለችኝ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይፈርድላታል፤ በአንድ በኩል ተራራው፣ በሌላው በኩል ታች ያለው አገር ሁሉ፣ መካከሉ ጭቃ። ከዚያ ወደ ሱቋ ገብታ ገንዘብ ይዛ ወጣች። ሱቋን፣ ቤቱንና ልጆቹን የምትይዘው እሷ ናት፤ እኔ መኪናዋን እይዛለሁ። ዕቁቧ ደርሷት ለሱቋ ፍሪጅ ልትገዛ ነበር። «ርካሽ ግዛ አላልሁህም፤ ደህና ግዛ» ብላ ሰጠችኝ። እኔ ይዤ የሄድሁት «ርካሽ ግዛ» የሚለውን ብቻ ነው።

ጎሚስታው ሞላ ጎማ ሲጠግንልኝ የኖረ፣ ከእኔ በላይ በጎማዎቼ ያፈረ ሰው ነው። ጎንደር ደውሎ የአዲስ ጎማ ዋጋ አሰማኝ። ስልኩን መልሼለት መኪናዬን ለረጅም ጊዜ አየኋት፤ መኪናዋን ብሸጣት የሦስቱን ጎማ እችላለሁ፤ አራተኛው ይቸግረኛል። ይህን ጊዜ የበረንዳው ሊቃውንት ተሰበሰቡ። አንዱ ሰፊ ጎማ ካልሆነ በጭቃ አትወጣም አለኝ። ሌላው ጠባብ ካልሆነ በጭቃ አትወጣም አለኝ። ሁለቱ ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ተኳርፈው የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ አሁን ግን እኔን ለማስተማር ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንድ አስጎብኚ ደግሞ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሁሉ አነበበልኝ። የፋብሪካው ስልክ መስሎኝ በደብተሬ መዘገብሁት። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ምክር ነበር፦ ጎማ ስትገዛ መጀመሪያ አጣጥለው፣ ከዚያ በተጠራው ዋጋ ግማሽ ጀምር።

እኔ ግን ከዚያ የረከሰ መንገድ አገኘሁ። የጎማ ጥርስ በጋለ ብረት ይቆረጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ያለቀውን ጎማ እንደገና እያረሱ ጥርስ ማውጣት ነው። ሞላ አይሆንም አለ። ላስቲኩ ራሱ አልቋል፣ የምቆርጠው ክሩን ነው አለኝ። ለመንሁት፣ ተለማመጥሁት፣ በመጨረሻ ሌላ ሰው ጋ እሄዳለሁ ብዬ አስፈራራሁት። እያዘነ ብረቱን አጋለ። የላስቲክ ጭስ ሰፈሩን ሞላው፤ ሲያልቅ አራቱም ጎማዎቼ ወጣት መሰሉ። እኔም ከዕቁቡ ገንዘብ ፍሪጅ የሚተርፍ መስሎኝ የደስ ደስ ወደ ዳባት ነዳሁ። ወቅን ሳልደርስ የፊቱ ጎማ ፈነዳ። ትርፉን ጎማ አውርጄ ቀየርሁ፤ ወቅንን እንዳለፍሁ የኋላው ፈነዳ። መኪናዋን መንገድ ዳር አቁሜ፣ ሁለቱን ጎማ በሚኒባስ አናት ጭኜ ዳባት ገባሁ። ረዳቱ ለእያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ።

ዳባት ላይ ያየኝ ሁሉ የሚመራኝ ወደ ጋሽ አለነ ቤት ነበር። ጋሽ አለነ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። የእኔን የምትመስል መኪና ነበረቻቸው፤ ስትሸጥ ለእሷ የገዟቸው አምስት አዲስ ጎማዎች ሳይነኩ ቀሩ። ጓዳ ወስደው አሳዩኝ። ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ፣ ከመሬት በእንጨት ከፍ ብለው፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ብርድ ልብሱን ሲገልጡ ጥቁረታቸው አብረቀረቀ። የተናገሩት ዋጋ ከአዲሱ እጅግ ያነሰ ነበር፤ የየሺ ገንዘብ ይበቃዋል። ደህና የሆነ፣ ርካሽም የሆነ ጎማ ፊቴ ተቀምጧል። ዝም ብዬ ገንዘቡን ቆጥሬ ብሰጥ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

የሊቃውንቱ ምክር ትዝ አለኝ። ፊቴን አኮሳተርሁ። አንዱን ጎማ በጫማዬ ጫፍ መታ መታ አድርጌ፣ «እነዚህማ ቆመው ያረጁ ናቸው፤ ለበረንዳ አበባ መትከያ ካልሆኑ ማን ይወስዳቸዋል» አልሁና የዋጋውን ግማሽ ጠራሁ።

ጋሽ አለነ አልተቆጡም። ብርድ ልብሱን ቀስ ብለው መልሰው አለበሷቸው። «ላንተ አልሸጥም» አሉኝ። «ዋጋህ አንሶ አይደለም። በእግርህ ነካሃቸው።»

የጠሩትን ዋጋ ሙሉውን እከፍላለሁ ብል፣ ጨምሬ እከፍላለሁ ብል፣ በሩን አሳዩኝ። ሁለት አሮጌ ጎማ ለምኜ በስንት መከራ ደባርቅ ተመለስሁ። ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሞላ ሰምቶ «ሽማግሌ ላክ» አለኝ። ለጎማ? አልሁት። ሰው ካስቀየምህ ሌላ ምን ይላካል አለኝ፤ ልክ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆኑ። የነፍስ አባቴ ቄስ ጥበቡ፣ ጡረታ የወጡ አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተርና ሞላ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ በነጭ ሆነው በሚኒባስ ላክኋቸው። በኋላ ዳይሬክተሩ እንደነገሩኝ፣ ጋሽ አለነ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲሏቸው ቄስ ጥበቡ «ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም» አሉ። ቄሱ ዕድሜ ልካቸውን ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ልጅ ለመጠየቅ ነው፤ የሚያውቁት ንግግርም ያንኑ ብቻ ነው። ስለ ጨዋነቴ፣ ስለ ዘመዶቼ፣ ስለ ሃይማኖቴ ተናግረው ሲያበቁ፣ ልጃችን አራቱን ጎማዎች በወግ በማዕረግ ሊይዛቸው ሽቷል ብለው ደመደሙ። የጋሽ አለነ ቤትም የሚያውቀው መልስ አንድ ነው፤ ከቤተ ዘመድ ጋር እንምከርበት፣ በሳምንቱ ተመለሱ።

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው መጡ። አልተከለከልንም አሉኝ። የጎማ ቤተ ዘመድ ማን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ቄስ ጥበቡ ሥርዓት የማያውቅ ልጅ እንደሚያዩት አዩኝ። ምሳ አበላኋቸው። ጾም ስለነበረ የሽሮው ዓይነት ሦስት ነበር፤ ሥራው የየሺ፣ ምስጋናው የእኔ ሆነ። ወጥ ስትጨምርላቸው ዳይሬክተሩን ስንት ጊዜ መመላለስ እንደሚኖርባቸው ጠየቀቻቸው። ከሦስት አያንስም ሲሏት ድስቱን ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። የቀጠሮው ነገር አስግቷት ነው ብዬ አሰብሁ።

በሁለተኛው ጉዞ የጋሽ አለነም ወገን ሽማግሌ አስቀምጦ ጠበቀ። ጥያቄው ስለ እኔ ነበር። ጠጪ ነው? አይደለም። ዳገት ላይ ይቸኩላል? አልፎ አልፎ። ከዚህ በፊት የነበሩትን ጎማዎች እንዴት ያዛቸው ሲባል ሁሉም ሞላን አየ። ሞላ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን መስቀል የያዙ ቄስ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ጥርሳቸውን በጋለ ብረት አስቆርጧል ብሎ እውነቱን አወጣው።  የጋሽ አለነ ባለቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓዳ፣ ወደ ጎማዎቹ ገቡ። ምክሩ ለሌላ ቀን ተላለፈ፤ እኔም ራሴ ቀርቤ እንድታይ ተፈረደብኝ።

ሦስተኛው ጉዞ ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ጋቢዬን ለብሼ፣ በር ላይ ጎንበስ ብዬ ቆምሁ። ያን ያህል በሕይወቴ ለማንም ቆሜ አላውቅም። ለተናገርሁት ክፉ ቃል ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ለነካሁበት እግሬም። በመጨረሻ ጋሽ አለነ ተፈቅዷል አሉ፤ ግን በውል ነው። ውሉን ዳይሬክተሩ ባማረ እጅ ጻፉት። ከአቅማቸው በላይ አልጭንባቸውም። ፀሐይ ላይ አቁሜያቸው አልሄድም። በየሳምንቱ ነፋሳቸውን አያለሁ። ጭቃ ሲይዛቸው በእጄ አጥባቸዋለሁ። በሰው ፊት መቀለጃ አላደርጋቸውም። ፈረምሁ። ለሽማግሌዎቹ ክብር ተብሎ ከዋጋው ላይ ትንሽ ተነሣልኝ፤ የተነሣው ገንዘብ ለሦስት ጉዞ ሚኒባስና ምሳ ካወጣሁት ያንሳል፤ ያንን ለየሺ አልነገርኋትም። አምስተኛውን ለትርፍ ብጠይቅ፣ እሱ ለቤቱ ይቅር ተባልሁ። ጋሽ አለነ አራቱን እያንከባለሉ በየተራ ወደ ውጭ ሲያወጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እውነቴን ነው፤ እኔም በሩን ያዝሁላቸው።

በማግሥቱ ሞላ ገጠመልኝ። ቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው ገና ሳይነጋ ከየሺ ጋር ወደ ደረስጌ ተነሣን። ከሳንቃበር በኋላ ያለውን ጭቃ ስታልፍ መኪናዋን አላወቅኋትም። ቧሂት ላይ ጭጋግ ነበረ፤ ጎማዎቹ ግን ድንጋዩን እየጨበጡ ወጡ። በደስታ ስለ ጥርሳቸው፣ ስለ ቁመናቸው፣ ስለ ጨዋነታቸው ሳወራ፣ የሺ ከጎኔ ሆና መስኮቱን ታይ ነበር። ብርድ ብርድ ብሏት እጆቿን በነጠላዋ ጠቅልላለች።

ደረስጌ ስንደርስ መሪጌታ ታጥበው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ደጅ ተቀምጠዋል። ምሳ ቀረበ። ደቀ መዛሙርቱ አዲሶቹን ጎማዎች አይተው ሲያደንቁ እኔ ሆዬ አላስቻለኝም። ታሪኩን ከእግሬ ጫፍ እስከ ሦስተኛው ጉዞ ተረክሁት። በር ላይ እንዴት እንደቆምሁ ተነሥቼ አሳየሁ። ውሉንም ከኪሴ አውጥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። ደቀ መዛሙርቱ በሳቅ ሞቱ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ መሪጌታና የሺ።

«ስንት ጊዜ ተመላለሱ?» አሉኝ መሪጌታ።

«ሦስት ጊዜ» አልሁ፤ በኩራት።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። በደቀ መዝሙራቸው ትከሻ እየተመሩ ወደ መኪናዋ ሄዱ። ጎንበስ ብለው አንዱን ጎማ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ጥርሱን በጣታቸው ቆጠሩት። የፊቱን በር ከፈትሁላቸው፣ ይግቡ አልኋቸው። አልገቡም። በሩ ላይ መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ።

«ጉዳዬ ሳይመለስ አልቀመጥም» አሉ።

ሳቁ ቆመ። ጭጋጉ ከቧሂት እየወረደ ነበር፤ ካልተነሣን መንገዱ ይዘጋል፣ ጠዋት ደግሞ ጎንደር መገኘት አለብን። መንገዱ አይጠብቀንም ልል አፌን ከፈትሁ። የአጎቴ ቃል መሆኑ ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት።

«እኔ ያን ጊዜ ልመክር ነበር» አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ልጄን ልጠይቃት፣ ወንድሞቼን ልሰበስብ፣ ውሌን ልናገር ነበር። ሹፌር አይጠብቅም ተባልሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ይህ ነገር ከጉሮሮዬ አልወረደም። እኔ ያንተን መኪና አልፈራሁም። ልጄን በሹፌር ጥድፊያ የወሰደብኝ ሰው መኪና ላይ መቀመጥ አቃተኝ። አሁን ወረቀቱን መልሰህ አንብበው። ጎማዎቹን ተዋቸው፤ የሺ በልበት።»

ወረቀቱን ገለጥሁት። አነበብሁ። ከአቅሟ በላይ አልጭንባትም ስል፣ ሱቁ፣ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ የሦስት ጊዜ የሽማግሌ ምሳና የፍሪጁ ገንዘብ በየተራ ትዝ አሉኝ። ፀሐይ ላይ አቁሜያት አልሄድም ስል የዳባት ገበያና ዘንቢሏ ታዩኝ፤ ቃሉን ደገምሁት። በየሳምንቱ ደኅንነቷን እጠይቃለሁ። ጭቃ ሲይዛት በእጄ አጥባታለሁ። በሰው ፊት መቀለጃ የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። የሺ አላቀረቀረችም። ቀጥታ እኔን ነበር የምታየው፤ ለካ በየሰርጉ ስታቀረቅር የነበረው ከፍቷት ነው እንጂ አፍራ አልነበረም። አፈርሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ከታች ጨምሬ ፈረምሁ። ደቀ መዛሙርቱ ምስክር ሆኑ። መሪጌታ «አንቺስ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቋት። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ያልተጠየቀችው ጥያቄ ነው። የሺ ትንሽ ቆየች፤ ያቺ ትንሽ ከሦስቱም የዳባት ጉዞ ረዘመችብኝ። «ይቀመጡ አባባ» አለች። መሪጌታ ተቀመጡ። ወረቀቱን የሺ ተቀብላኝ ጡቷ ሥር ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

በሰዓቱ ደረስን። ዓይናቸው ተሠራ፤ ፋሻው ሲፈታ በመጀመሪያ ያነበቡት የግድግዳውን ማስታወቂያ ነው፤ የቃላቱን ግድፈት አርመው ለነርሷ ነገሯት። ስንመለስ የፀሐይ መከላከያ ጥቁር መነጽር አድርገው ነበር። ዳባት ስንደርስ አቁም አሉኝ። ለጎማ ደጅ ያስጠናውን ሰው ማየት ፈልገዋል።

ጋሽ አለነ በሩጫ ወጡ። ሰላምታ ሰጥተው ሳይጨርሱ ጎማዎቹ ጋ ቁጢጥ አሉ። አንዱን ዳበሱት፣ አንዱን ጫን አደረጉት፣ በጥርሱ መካከል የገባች ጠጠር በጥፍራቸው አወጡ።

«ደህና ይዟቸዋል» አሉ። «አልተጎዱም።»

መሪጌታ ይህን ጊዜ ከኋላ መቀመጫ ከወረደችው ልጃቸው ፊት ቆመው ነበር። ጥቁሩን መነጽር አውልቀው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በፀሐይ ብርሃን፣ አገጯን በእጃቸው ቀና አድርገው ለብዙ ጊዜ አዩዋት።

«ይህች ግን ከስታለች» አሉ።

 ጋሽ አለነ ብድግ ብለው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ያን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጎማዎቹ ተጠቅልለውበት የኖሩትን፣ አራግፈው የየሺ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት። እሷም ተጠቀለለችበት። ከዚያ እስከ ደባርቅ ድረስ በመስተዋቱ አያት ነበር፤ ተመችቷት ዓይኗን ጨፍናለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ብርድ መንገድ ከእኔ ጋር ስትመላለስ፣ መኪናዬ ውስጥ ብርድ ልብስ እንዳልነበረ አይምሰላችሁ። ነበረ። ሞተሩን የማለብስበት ነው።